ወንድሜ ከባጃጅ ወድቆ ጭንቅላቱን ተመታ፤ ምን ኪኒን ልስጠው?

ጠያቂዋ፦ ቶሎ መልሱልኝ። ታናሽ ወንድሜ 8 ሰዓት ላይ ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ከባጃጅ ወደቀ። ትንሽ ራሱን ስቶ ነበር፤ ከዚያ ተነስቶ እየሳቀ ቤት ገባ። ደም የለም፣ ከጆሮው በላይ ብቻ አብጧል። አሁን 12 ሰዓት ነው፤ ራሴን እያለ ሁለቴ አስመለሰው። እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል። እናቴ እንዳይተኛ ፊቱ ላይ ውሃ ትረጫለች። ለራስ ምታት የቱ ኪኒን ይሻላል?

የከዚራው፦ አቦ አትጨነቂ! የድሬ ልጅ ጭንቅላት የደቻቱን ወንዝ ድንጋይ ይሰብራል። በረዶ ያዥበት።

መካሪው፦ ሹፌሩ አጠገብ ተንጠልጥሎ ነበር አይደል? ስንቴ እንናገር! ያ ቦታ የተሳፋሪ አይደለም። ትንሽ ሲታጠፍ አስፋልት ላይ ነው የሚጥለው።

ነርሷ፦ እህቴ፣ ጥያቄሽ የኪኒን አይደለም። አሁኑኑ ሆስፒታል ውሰጂው። ራሱን ስቶ ነቅቶ፣ ደህና መስሎ ቆይቶ እንደገና መድከም ውስጥ ለውስጥ የመድማት ምልክት ሊሆን ይችላል። የራስ ቅል አይለጠጥም። ደሙ በበዛ ቁጥር አንጎሉን ይጫነዋል። 907 ደውይ፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው። አስፕሪንና አይቡፕሮፌን እንዳትሰጪው፣ መድማቱን ያባብሳሉ። ውሃ መርጨቱም አያድነውም። ካስመለሰው ከነአንገቱ አንድ ላይ በጎኑ አዙሩት።

የከዚራው፦ በረዶውንም አትርሺ።

የሐረሯ፦ ነርሷን ስሚ። የአጎቴን ልጅ ሸዋ በር ሞተር ጣለው። እኛም ደህና ነው ብለን አሳደርነው። ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ተረፈ፣ ግን የድሮው ልጅ አይደለም። ሱቅ ልከነው ምን ልግዛ ብሎ ይመለሳል። በትንሽ ነገር ይቆጣል። ሰፈሩ ባለጌ ሆነ ይላል፤ የተጎዳው ግን አንጎሉ ነው። ወላሂ፣ ያቺን ሌሊት መመለስ ብችል!

ጠያቂዋ፦ እየደወልኩ ነው። ስሙን ስጠይቀው ቆይቶ ነው የሚመልሰው። አንዱ የዓይኑ ብሌን ሰፍቷል።

ነርሷ፦ አምቡላንሱ ከዘገየ አትጠብቂ። የጎረቤት መኪናም ቢሆን አስነሺ። ድል ጮራ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ግቡ። መጀመሪያ የብሌኑን ነገር ተናገሪ፤ ከዚያ የወደቀበትን ሰዓት፣ ራሱን መሳቱን፣ ሁለቴ ማስመለሱን። የጭንቅላቱን ውስጥ የሚያሳይ ምርመራ፣ ሲቲ ስካን ያስፈልገዋል። የሚበላም የሚጠጣም አትስጡት።

የከዚራው፦ እኔ ሳቢያን ቅርብ ነኝ፣ መኪና አለኝ። የት ልምጣ?

የከዚራው፦ እህት?

ነርሷ፦ ደረሳችሁ?