ጥላሸት የተቀባው ፊት፦ ይቆረጥ ወይስ እንዳለ ይታይ?

የልጆች እናት፦ ሰላም ቤተሰብ። ትናንት ማታ «ሾው ቦት» የሚባለውን የአሜሪካ ሙዚቃዊ ፊልም ከፈትኩ፤ እ.ኤ.አ. በ1936 የተሠራውን፣ ጥቁርና ነጩን። የካፒቴን አንዲ ሆክስ ቤተሰብ በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ በመርከብ እየዞረ ቴያትር ያሳያል። ዘፈኑ ልብ ይሰርቃል። ታዲያ መሀል ላይ የካፒቴኑ ልጅ፣ ነጯ ማግኖሊያ (አይሪን ደን ናት የምትጫወታት) በጥቁሮች ለማላገጥ ፊቷን ጥቁር ተቀብታ፣ ዓይኗን እያጉረጠረጠች ትጨፍራለች። ልጆቼ አጠገቤ ናቸው። ክው አልኩ። ይቺ ቁራጭ ብትወጣ ምን ይጎድላል?

ሲኒማ ወዳድ፦ ኧረ ብዙ ይጎድላል! ፊልሙ እኮ ለዘመኑ ደፋር ነው። ጁሊ ትዝ አትልሽም? ነጭ መስላ የምትኖረው ክልሷ ተዋናይት። ነጭና ጥቁር መጋባት ክልክል ነውና ሸሪፉ እየመጣ ነው ሲባል፣ ነጩ ባሏ እጇን በቢላ ጫር አድርጎ ደሟን ይመጥጣል። «እኔም የጥቁር ደም አለብኝ» ለማለት ነው። የሆሊውድ ሳንሱር እንዲህ ያለ ትዳር እንዳይታይ በከለከለበት ጊዜ ነው ይህ የተቀረፀው። እንዲህ ያለ ፊልም ላይ መቀስ አይነሳም።

እውነት እውነቱን፦ ደፋር? ወንድሜ፣ ጁሊን የተጫወተችው ሄለን ሞርጋን እኮ ነጭ ናት። ጥቁሩ ዘፋኝና ተዋናይ ፖል ሮብሰንስ? ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በሕግ የተመረቀ ሰው፣ እዚህ ሚስቱ «ሰነፍ» እያለች የምትነዘንዘው የወደብ ሠራተኛ ነው። የካፒቴኑ የልጅ ልጅ ብሮድዌይ ስትደርስ እሱ እዚያው ወንዙ ዳር ነው።

ሲኒማ ወዳድ፦ እሱስ ልክ ነሽ። ግን «ኦል ማን ሪቨር»ን ሲዘፍን ፊልሙን ይዞት አይሄድም? ኋላ በኮንሰርቶቹ ላይ ግጥሙን ራሱ ቀየረው። «ማልቀሱን ትቼ እስክሞት እታገላለሁ» ወደሚል አዞረው። ያረመው እየዘፈነ ነው።

ጡረተኛው መምህር፦ ልጆች፣ ነገሩ እኛንም ይነካናል። በ1840ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በተቃጠለ ቡሽ ፊታቸውን ያጠቆሩ ነጮች ራሳቸውን ምን ብለው ይጠሩ ነበር መሰላችሁ? «ኢትዮፒያን ሰሬናደርስ»! በ1844 ዋይት ሀውስ ገብተው ዘፍነዋል። በስማችን። ለእነሱ ቃሉ «ጥቁር» ማለት ብቻ ነበር። የማግኖሊያ ጭፈራ የዚያ የልጅ ልጅ ነው። ከቆረጣችሁት ተማሪዬን ምን ላሳየው?

የልጆች እናት፦ ጋሼ፣ እርስዎ ክፍል ውስጥ ቆመው ያስረዳሉ። እኔ ሶፋ ላይ ነኝ። የ7 ዓመቷ ልጄ እኮ ሳቀች። የደነገጥኩት በእሱ ነው።

ሲኒማ ወዳድ፦ በ2020 ኤችቢኦ ማክስ የተባለው የኢንተርኔት ፊልም ማሳያ፣ ባርነትን አስውቦ ያሳያል የተባለውን «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» የተሰኘ የድሮ ፊልም አውርዶ፣ ወር ሳይሞላ ከፊቱ የታሪክ ማብራሪያ አስገብቶ መለሰው። እንደዚያ ቢደረግስ?

እውነት እውነቱን፦ ማብራሪያውን ማን ያየዋል? እኔ ራሴ ዘልዬው ነው ያለፍኩት።

የልጆች እናት፦ እሺ፣ ለልጄ እኔው እነግራታለሁ። ግን ከየት ልጀምር ጋሼ?

ጡረተኛው መምህር፦ ከስሟ። «ሌላ ልጅ ስምሽን ይዞ፣ አንቺን መስሎ ሲያላግጥ ብታዪ ምን ትያለሽ?» በያት። ቡሹ ኋላ ይመጣል።

እውነት እውነቱን፦ ይሁና። እኔ ግን አሁንም ይቆረጥ ባይ ነኝ።