«አደንዛዥ ዕፅ ያዘዋወረ ይሙት» ለሚል ሰው ምን ይመለሳል?

የቀሃ መምህር (ጎንደር)፦

ባለፈው እሑድ ቀሃ ኢየሱስ አካባቢ የእድራችን ስብሰባ ሊበተን ሲል ክርክር ተነሣ። መነሻው ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ በሐሺሽ ማዘዋወር ተከሶ ሞት እንደተፈረደበት ለቤተሰቡ የተነገረ የሰፈራችን ወጣት ነው። እናቱ የጠየቁት የይቅርታ ደብዳቤ የሚጽፍላቸው ሰውና የእድሩን አባላት ፊርማ ብቻ ነበር። ይሁን እንጂ ልጃቸው በሱስ የተበላሸባቸው፣ እኔም የማከብራቸው አንድ አባት «ስንቱን ልጅ ያስቀበረ ዕቃ ተሸክሞ ለተገኘ፣ ምን ብለን ነው የምንለምንለት?» ብለው ሲናገሩ ቤቱ ጸጥ አለ።

እኔ በዚህ ወንጀል የሞት ቅጣት መፈረዱን እቃወማለሁ። በዚያች ሰዓት አፌ ላይ የመጣው ግን «ነፍስ የፈጣሪ ናት» የሚለው ብቻ ነበር፤ እሳቸው ደግሞ ከእኔ ይልቅ ጾመኛና ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ስለሆኑ ይህን የሚነግራቸው ሰው አያስፈልጋቸውም። ልጁን ሱስ የነጠቀው ሰው ፊት ሊቆም የሚችል መልስ ያላችሁ ብትረዱኝ አመሰግናለሁ።

የሕግ ሰው (አራዳ)፦

መምህር፣ ከራሳችን ሕግ ይጀምሩ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን የሞት ቅጣትን አላስቀረም፤ ሆኖም በአንቀጽ 117 እጅግ ከባድ ለሆነና ፍጻሜ ላገኘ ወንጀል፣ ለዚያውም ወንጀለኛው በተለይ አደገኛ ሆኖ ሲገኝ ብቻ እንዲወሰን፣ ርእሰ ብሔሩም ሳያጸድቀው እንዳይፈጸም አጥሮታል። አደንዛዥ ዕፅን የሚመለከተው አንቀጽ 525 ደግሞ የሚደነግገው ጽኑ እስራትንና የገንዘብ መቀጮን እንጂ ሞትን አይደለም። እኚያ አባት የጠየቁትን ቅጣት የአገራችን ሕግ አውጪ ራሱ ለዚህ ወንጀል አልሰጠም ማለት ነው። በአገራችን የሞት ፍርድ ሲፈጸም የታወቀውም ለመጨረሻ ጊዜ በ1999 ዓ.ም. ነበር፤ እሱም በነፍስ ግድያ ነው።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1993 የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን፣ የሞት ቅጣትን ባላስቀሩ አገሮች ቅጣቱ «እጅግ ከባድ ለሆኑ ወንጀሎች» ብቻ እንዲውል ያዝዛል። የቃል ኪዳኑን አፈጻጸም የሚከታተለው ኮሚቴም እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ማብራሪያ ይህ ሐረግ ሆን ተብሎ የሚፈጸም ግድያን የሚመለከት እንደሆነና የአደንዛዥ ዕፅ ወንጀል በዚያ ውስጥ እንደማይገባ በግልጽ ጽፏል። ሳዑዲ ዓረቢያና ሲንጋፖር የዚህ ቃል ኪዳን አባል አለመሆናቸውን ግን አይደብቁ፤ ተከራካሪዎ ካወቀብዎት ሌላውንም አያምንዎትም።

ለእኔ ዋናው ነገር ግን ግራሙ ነው። በሲንጋፖር ሕግ ከ15 ግራም በላይ ንጹሕ ሄሮይን ሲያዘዋውር የተገኘ ሰው በመርሕ ደረጃ ሞት ይጠብቀዋል። ይህ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ያህል ነው። ከ2 ግራም በላይ ይዞ የተገኘም ሊያዘዋውር እንደነበር ይገመታል፤ አለመሆኑን ማስረዳት የሚኖርበት ተከሳሹ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ሕጉ ሲሻሻል፣ ተላላኪ ብቻ የነበረና ለመርማሪዎች ተጨባጭ ርዳታ እንዳደረገ ዐቃቤ ሕግ የመሰከረለት ሰው በዕድሜ ልክ እስራትና በግርፋት እንዲያልፍ ተፈቅዷል። እስቲ ያስቡት፤ የሚነግራቸው ነገር ያለው ከላይ ያለውን የሚያውቅ ነው። ሻንጣ ተሰጥቶት «እዚያ አድርስ» የተባለው ምስኪን ግን የሚያጋልጠው ስም ስለሌለው ይሞታል። ሚዛን ክብደትን ይናገራል እንጂ የዕቃው ባለቤት ማን እንደሆነ፣ ማን እንደተታለለ፣ ማን እንደተገደደ አይናገርም።

በደምቢያና በወገራ ገጠር ነፍስ ያጠፋ ሰው ወገን እንኳ በሽማግሌና በካህን አማካይነት ደም አድርቆ፣ ካሳ ከፍሎ ይታረቃል። ማንንም በእጁ ያልገደለ ሰው ከነፍሰ ገዳይ የባሰ ሊቀጣ ይገባል ለማለት ትልቅ ምክንያት ያስፈልጋል።

የማራኪው ፋርማሲስት፦

በትሕትና አልስማማም። ትራማዶል (ሱስ የሚያስይዝ የሕመም ማስታገሻ) ካልተሰጠን ብለው ባንኮኒው ላይ የሚደገፉ የሃያ ዓመት ልጆችን በየቀኑ የማስተናግደው እኔ ነኝ። ቅጣቱ የሚያስፈራ ካልሆነ ነጋዴው አይፈራም፤ ሲንጋፖር ከብዙ አገሮች የተሻለ ጸጥታ ያላትም በዚህ ይመስለኛል። ደግሞስ ተሸካሚው ምን እንደተሸከመ አያውቅም ብሎ ነገር አለ?

የሕግ ሰው (አራዳ)፦

ሲንጋፖር በሮቿን በጥብቅ የምትቆጣጠር ትንሽ ደሴት ናት፤ ሱሰኞችንም በግዴታ ማገገሚያ ታስገባለች፤ ስለዚህ የትኛው እንደሠራ ከስቅላቱ ገመድ ለይቶ መናገር አይቻልም። እንዲህም ሆኖ በየዓመቱ ሺዎች ይያዙባታል። የአፍጋኒስታን ጎረቤት የሆነችው ኢራን ደግሞ ለዐሥርት ዓመታት ሰቅላ መንገዱን መዝጋት ስላልቻለች፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ለሄሮይን ሞት የሚያስፈርደውን መጠን ከ30 ግራም ወደ 2 ኪሎ ግራም ከፍ አደረገችው። በቀጣዩ ዓመት የሚሰቀለው ሰው በእጅጉ ቀነሰ፤ ከ2021 ወዲህ ግን ገመዱ እንደገና ተመልሷል። ማሌዥያ እ.ኤ.አ. በ2023 ዳኛው ሌላ ቅጣት እንዳይመርጥ ያስገድድ የነበረውን የሞት ቅጣት ሰርዛ፣ ከ1,000 በላይ ፍርደኞች ቅጣታቸው እንደገና እንዲታይላቸው በር ከፍታለች። አምነስቲ ኢንተርናሽናል እ.ኤ.አ. በ2024 ከመዘገባቸው 1,518 የሞት ፍርድ ፍጻሜዎች ከ40 በመቶ በላይ የሆኑት ከአደንዛዥ ዕፅ ጋር የተያያዙ ነበሩ፤ በምሥጢር የሚያዘው የቻይና ቁጥር በዚህ ውስጥ የለም። ይህን ሁሉ ሰው የፈጀ መድኃኒት ቢሆን ኖሮ፣ እርስዎ ራስዎ ከመደርደሪያዎ ያወርዱት ነበር።

ከስደት ተመላሽ (አዘዞ)፦

ፋርማሲስቱ ወንድሜ «ያውቃል» ብለሃል፤ ብዙዎቹ በእርግጥ ያውቃሉ። እኔ በጅቡቲና በየመን አድርጌ ሳዑዲ ድንበር ስደርስ፣ የመሻገሪያውን ገንዘብ ላጣ ሰው ደላላው የሚያቀርብለት አማራጭ ነበር፤ ጆንያ ተሸክሞ ተራራውን መውጣት። ጆንያው ውስጥ ጫት ሊሆን ይችላል፣ ሐሺሽም ሊሆን ይችላል፤ ፈትቶ የሚያይ ግን አልነበረም። እንቢ ያለው እዚያው በረሃ ላይ ይቀራል። እኔ ያልተሸከምኩት ከሌላው የተሻልኩ ስለሆንኩ አይደለም፤ ሪያድ ያለች የአክስቴ ልጅ ስለከፈለችልኝ ነው። የጆንያው ባለቤት ከእኛ ጋር ተራራ ሲወጣ አላየሁትም።

በኋላ በመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ ተይዤ ስታሰር በዚያው ክፍል የነበሩ ልጆች ዐረብኛ በማያነብ ዓይናቸው እያዩ ወረቀት ላይ አሻራ ማድረጋቸውን ነግረውኛል። አስተርጓሚ የቀረበለት አንዱ ብቻ ነው፤ አስተርጓሚውም ትግርኛ ተናጋሪ እንጂ አማርኛ የሚሰማ አልነበረም። ሳዑዲ በዚህ ወንጀል ሰው መግደሏን ለሁለት ዓመት ገደማ አቁማ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ስትጀምር፣ የመጀመሪያው ሐሳቤ የእነዚያ ልጆች አሻራ ነበር። መምህር፣ ደብዳቤ ስትጽፉ ልጁ በምርመራና በችሎት ጊዜ አስተርጓሚና ጠበቃ እንደነበረው ወይም እንዳልነበረው እናቱን ጠይቃችሁ፣ ያሉትን ቀን ሳይቀር ጻፉ። «ማሩልን» ብቻ የሚል ደብዳቤ የሚይዘው ነገር የለውም።

የቀሃ መምህር (ጎንደር)፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት አባትየውን ቤታቸው ሄጄ አነጋገርኳቸው። ቃል ኪዳኑንና አንቀጹን በትዕግሥት ሰሙኝ፤ ብዙም አልተነኩም። የጆንያውን ታሪክ ስነግራቸው ግን ዝም ብለው ቆዩና «የእኔን ልጅ ያበላሸው ሰው መኪና ነበረው፤ ዛሬም አለው» አሉኝ። ከዚያ ደብዳቤውን ጠይቀው ፈረሙ።

ሲፈርሙም «ለተሸካሚው ነው እንጂ ለባለቤቱ አልፈርምም» ብለዋል። እኔ ባለመኪናውም ቢሆን ይታሰር እንጂ ይገደል አልልም፤ ይህንን ግን በዚያች ሰዓት አላነሣሁባቸውም፤ ፊርማቸው ይበልጥብኝ ነበር። አሁን የቸገረኝ እናቱ የክሱ መዝገብ ቁጥር የሌላቸው መሆኑ ነው፤ ያላቸው ልጁ የደወለበት ስልክ ቁጥር ብቻ ነው። የሕግ ሰው፣ በዚህ ብቻ ወደ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ብንሄድ ይቀበሉናል?

የሕግ ሰው (አራዳ)፦

ቁጥሩን፣ የተደወለበትን ቀን፣ የልጁን ሙሉ ስም እስከ አያት፣ ካለም የፓስፖርቱን ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ፤ መዝገቡን መፈለግ የቆንስላው ሥራ ነው። የዐረብኛ ትርጉሙን ከመሄዳችሁ በፊት አሠሩ፤ ሰኞ ጠዋት ቢሮ ካገኛችሁኝ አብረን እናየዋለን።