ጋና፦ ከኬፕ ኮስት በቀጥታ ወደ ኩማሲ?
በጥር ከእናቴ ጋር ከአዲስ አበባ ወደ አክራ እንበራለን። ለጉብኝት ያለን አራት ሙሉ ቀን ብቻ ነው፤ የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳችን ዝግጁ ነው። የመጀመሪያው ቀን የአክራ ነው፤ እናቴ የክዋሜ ንክሩማን መታሰቢያ ሳታይ አትመለስም። ከዚያ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ሄደን ኬፕ ኮስት እናድርና የባሪያ ንግድ ምሽጎቹን እናያለን፤ በተለይ ፖርቹጋሎች በ1482 እ.ኤ.አ. የጀመሩትን ኤልሚናን። እንዲህ ያለ ቦታ በጥድፊያ አይታይም። የካኩምን ተንጠልጣይ ድልድይ ለእናቴ ጉልበት ስል ሰርዤዋለሁ።

የቸገረኝ ኩማሲ ነው። የአሻንቲ ነገሥታት መኖሪያ የነበረውን የማንሂያ ቤተ መንግሥት ሙዚየም ማየት የቆየ ምኞቴ ነው። ያነጋገርኩት አስጎብኚ ድርጅት ግን በየምሽቱ ወደ አክራ የሚመልስ ጉዞ ብቻ ነው ያለው፤ ቀኑ መንገድ ላይ ያልቃል። መኪና ከነሹፌሩ ስጠይቅ ደግሞ ዋጋው ከአቅማችን በላይ ሆነ። ካርታው ላይ ከኬፕ ኮስት በአሲን ማንሶ አድርጎ ወደ ኩማሲ የሚወጣ መንገድ አለ፤ ከኩማሲ ወደ አክራ በአገር ውስጥ በረራ እንመለሳለን ብዬ አስቤአለሁ።

መንገዱን የምታውቁት፣ ጠዋት ከኬፕ ኮስት በሕዝብ ትራንስፖርት ብንነሳ ሙዚየሙ ሳይዘጋ ኩማሲ እንደርሳለን?