የፍሳሽ ማጣሪያዬ ሜምብሬን በሳምንቱ እየተደፈነ አስቸገረኝ፣ እስቲ የሠራችሁበት እርዱኝ

ጠያቂ፦ ሰላም ቤተሰብ። አዲስ አበባ አንድ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ለመመረቂያ ጥናቴ ትንሽ የፍሳሽ ማጣሪያ ተክያለሁ። ታንኩ 200 ሊትር ነው፣ አየር አይገባውም፣ ሜምብሬኑ (ውሃውን የሚያጣራው ደቃቅ ቀዳዳ ያለው ወንፊት) ዝቃጩ ውስጥ ተነክሯል። የፍሳሹ ሙቀት 19 ዲግሪ ነው። በሜምብሬኑ በኩል በካሬ ሜትር በሰዓት 15 ሊትር ውሃ እስባለሁ። የመሳቢያው ግፊት ከ50 ሚሊባር ተነስቶ በ8ኛው ቀን 300 ገባ። አውጥቼ በውሃ አጠብኩት፣ በሁለት ቀን ያው ሆነ። ከታንኩ የሚወጣው ባዮጋዝም (ሚቴን ያለበት ጋዝ) ካሰላሁት በጣም ያንሳል። ሜምብሬኑን እንዲያጸዳው በብሎወር (በአየር መንፊያ) አየር ልንፋበት?

ፓምፕ ቤት፦ ኧረ አየር እንዳታስገባ ወንድሜ! ሚቴን የሚሠሩትን ተህዋስያን ኦክስጅን ይጎዳቸዋል። ከዚያ የባሰው፣ ሚቴን ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲደርስ በአንዲት ብልጭታ ይፈነዳል። የራሱን ባዮጋዝ ከላይ ስበህ ከሥር ንፋበት፣ ብልጭታ በማያወጣ የጋዝ ፓምፕ። 15 ሊትርም በዝቷል። ወደ 6 ወይም 7 አውርደው፣ 9 ደቂቃ ስበህ 1 ደቂቃ አሳርፈው።

የላብ ልጅ፦ ሜምብሬኑን ስታወጣ ሥሩን በጣትህ ገለጥ አድርገህ አይተኸዋል? የኔ ሜምብሬን ክሮች መነሻ ላይ ፀጉርና የልብስ ብናኝ እንደ ሹሩባ ተጎንጉኖ ነበር፣ መቀስ ነው ያወጣው። መግቢያው ላይ የ1 ሚሊሜትር ወንፊት አድርግ። ሜምብሬኑ ላይ ከተጣበቀው ቆሻሻ የሚያሙለጨልጨውን በረኪና ያነሳዋል፣ እንደ አሸዋ የሚሻክረውን ሲትሪክ አሲድ። መጠኑን ከአምራቹ መመሪያ እይ። በሁለቱ መሃል ግን በደንብ አለቅልቀው፣ ከተገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፣ ሳንባ ያቃጥላል።

ቆላ፦ ስለ ጋዙ ልጨምር። ከ1 ግራም ሲኦዲ (በፍሳሹ ውስጥ ያለው የሚበሰብስ ቆሻሻ የሚለካበት) ቢበዛ ወደ 0.35 ሊትር ሚቴን ነው የሚገኘው። ውሃው ሲቀዘቅዝ ደግሞ የማይናቅ ክፍሉ ውሃው ውስጥ እንደሟሟ ይወጣና ቆጣሪህ አያየውም። በተጣራው ውሃ ውስጥ የሟሟውንም ለካ፣ ያለዚያ ሂሳቡ አይገጥምልህም። ደግሞ የተጣራው ውሃ ጥርት ስላለ ብቻ ወንዝ አትልቀቀው፣ አሞኒያና ፎስፈረሱ እዚያው አለ። ቃሊቲ ያለው ትልቁ ማጣሪያም ቢሆን አየር ከሌለው ታንክ በኋላ አየር ወዳለበት ነው የሚያሳልፈው።

ጠያቂ፦ በጣም አመሰግናለሁ። እውነትም ፀጉር ነበረበት፣ ጭብጥ ሙሉ! ወደ 7 አውርጄው ዛሬ 6ኛ ቀኑ ነው፣ ግፊቱ 80 ላይ ነው። የሟሟውን ጋዝ ነገ እለካለሁ።