የፍሪጅ ኢነርጂ ሌብል ግራ አጋባኝ፣ ኤ ሶስት ፕላስ ይሻላል ወይስ ኢ?

ጠያቂ፦
ሰላም ጓዶች፣ ፍሪጅ ልገዛ ሁለት መርጬ መወሰን አቃተኝ። አንዱ ያገለገለ ነው፣ ኤ ሶስት ፕላስ የሚል የአውሮፓ ስቲከር አለው፣ አዲሱ ደሞ ኢ ላይ ነው፣ ወደ ብርቱካን የሚወስደው ቀለም ላይ። ሻጩ ያገለገለውን ውሰድ መብራት አይበላም ይለኛል፣ አዲስ እንዴት ከአሮጌ ይብሳል?

ሽቦ በጣሹ፦
ሁለቱ ስቲከሮች አንድ ሚዛን አይደሉም ወንድሜ። ፕላሱ እየበዛ ሁሉም ፍሪጅ ኤ ምናምን ሆኖ መለየት ሲያቅት አውሮፓ ህብረት በፈረንጆች ማርች 2021 ፕላሱን ጥሎ ከኤ እስከ ጂ አደረገው፣ መስፈርቱንም ሆን ብሎ ስላጠበቀው የድሮ ሶስት ፕላስ በአዲሱ ቢለካ ብዙ ጊዜ ሲ ወይ ዲ አካባቢ ነው የሚወርደው። ኢ ስላለ አትደንግጥ።

ቆጣሪ፦
ፊደሉን ተወውና የዓመቱን ኪሎዋት ሰዓት እይ፣ በትልቁ ተጽፏል። ፊደሉ የፍሪጁን መጠን ታሳቢ አድርጎ ስለሚሰጥ ትልቅ ዲ ከትንሽ ኤፍ በላይ ሊበላ ይችላል።

ጠያቂ፦
አሮጌው 174 አዲሱ 238፣ ሊትራቸው ተቀራራቢ ነው። ሻጩ ልክ ነዋ?

ሽቦ በጣሹ፦
ቆይ፣ የድሮና የአዲስ ሌብል ቁጥር በቀጥታ አይወዳደርም፣ አለካኩም ተቀይሯል፣ ድሮ 25 ዲግሪ ላይ ነበር አሁን 16 እና 32 ላይ ለክተው ነው የሚያሰሉት። አሮጌው በወረቀት ሊሻል ይችላል፣ ግን በወረቀት ነው።

ጠጋኙ፦
እኔ ፍሪጅ እጠግናለሁ፣ ያ 174 ፍሪጁ አዲስ እያለ የተለካ ነው። የበሩ ላስቲክ ከደረቀ ቅዝቃዜው እየወጣ ሞተሩ ሳያርፍ ይሰራል፣ ሌብሉ ያኔ ጌጥ ነው። ወረቀት በሩ መሀል አድርገህ ዝጋና ሳብ፣ መያዝ አለበት፣ ማዕዘኖቹንም ሞክር። ደሞ ውስጥ ከአትክልት መሳቢያው አጠገብ ብዙ ጊዜ ትንሽ ጽሁፍ ትለጠፋለች፣ የሞዴሉን ቁጥር ከስቲከሩ ጋር አስተያይ፣ ከሌላ ፍሪጅ ተልጦ የተለጠፈ በአይኔ አይቻለሁ።

ቆጣሪ፦
አዲሱ ላይ ኪውአር ኮድ አለ፣ በስልክህ ስካን ስታደርገው የሞዴሉ መረጃ ይመጣል። በኮከብ የሚመዘን የህንድ እቃ ከሆነ ደሞ ዓመቱን እዩ፣ መስፈርቱ ስለሚጠብቅ የዛሬ ስንት ዓመት 5 ኮከብ ያለው አሁን ያን ላያገኝ ይችላል።

ጠያቂ፦
ሞከርኩት፣ ከላይ ይይዛል ከታች በኩል ግን ወረቀቱ ዝም ብሎ ወጣ ሃሃ። ሻጩ ላስቲክ ይቀየራል እያለ ነው፣ እኔ አዲሱን እያስጫንኩ ነው።

ጠጋኙ፦
ቆሞ ካልተጫነ ከመሰካትህ በፊት አቁመህ አሳርፈው።