ተምች የማይበላው በቆሎ፣ ለሰውስ ይሆናል? (ክርክር)

ጥያቄው፦ ተምችና አገዳ ቆርቁር እንዲቋቋም ዘረመሉ የተለወጠ በቆሎ ነገ ቃሉና ቆቦ ላይ ቢዘራ፣ በላተኛውን ይጎዳል?

ይማም፦ "ልውጥ ዘር" እያላችሁ በጅምላ አትውቀጡት። እዚህ የገባው ከአፈር ባክቴሪያ የተወሰደ፣ ክራይ የሚባል ፕሮቲን የሚያሠራ ዘረመል ነው። ፕሮቲኑ አልካላይ በሆነው የአባጨጓሬ አንጀት ውስጥ ይሟሟና አንጀቱ ግድግዳ ላይ ካለው ተቀባይ (ፕሮቲኑ የሚያርፍበት ቦታ) ጋር ተጣብቆ አንጀቱን ይበሳዋል። የእኛ ጨጓራ አሲድ ነው፤ ተቀባዩም የለንም።

ዘይነባ፦ የጤነኛ አዋቂ ጨጓራ በል። የመፈጨት ፈተናው ቱቦ ውስጥ በፒኤች 1.2 (በጣም ኮምጣጣ በሆነ አሲድ)፣ በ37 ዲግሪ፣ ፔፕሲን ከሚባለው የጨጓራ ፕሮቲን ፈጪ ጋር ይሠራል። የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል የሚውጥ ሰው ወይም ገንፎ የጀመረ ሕፃን ጨጓራ እንዲህ አይኮመጥጥም። አሜሪካ አብዛኛው በቆሎ ለመኖና ለነዳጅ ይሄዳል፤ እዚህ ቂጣውም ንፍሮውም እሱ ነው።

ይማም፦ ይሄ ጥሩ ነጥብ ነው፣ አልክድም። ግን ፈተናው አንድ ብቻ አይደለም። የፕሮቲኑ ቅደም ተከተል በ80 አሚኖ አሲድ እየተቆረጠ ከታወቁ አለርጂ አምጪዎች ጋር ይነጻጸራል፤ ተመሳሳይነቱ ከ35 በመቶ ካለፈ ተጨማሪ ምርመራ ይመጣል። የብራዚል ነት ዘረመል የገባበት አኩሪ አተር ለነቱ አለርጂ ባለባቸው ሰዎች ደም ሲሞከር አለርጂ አምጪነቱ ተያዘ፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1996 ታተመ፣ ገበያም አልወጣም።

ዘይነባ፦ ስታርሊንክ የተባለው የአሜሪካ ልውጥ በቆሎስ? የገባበት ክራይ9ሲ የሚባል ፕሮቲን ቶሎ ስለማይፈጭ ለመኖ ብቻ ነበር የተፈቀደው፤ እ.ኤ.አ. በ2000 የሰው ምግብ ውስጥ ተገኘ። ፈተናው አልወደቀም፣ አጥሩ ነው የፈረሰ።

ይማም፦ በልተን ታመምን ብለው አቤት ባሉት ሰዎች ደም ውስጥ ለፕሮቲኑ የተሠራ የአለርጂ ፀረ-አካል ግን አልተገኘም። ልውጥ በቆሎ በልተው ዕጢ አወጡ የተባሉትን አይጦች ፎቶ ለሚያመጣም፦ እ.ኤ.አ. የ2012ቱ ጥናት በየምድቡ 10 አይጥ ብቻ ነበረው፣ ዝርያውም ሲያረጅ በራሱ ዕጢ የሚያበዛ ነው። መጽሔቱ በ2013 ሰርዞታል።

አያ እንድሪስ፦ እናንተ ልጆች፣ ሻጋታውንስ? ትል የበሳው በቆሎ ላይ ፉዛሪየም የሚባል ሻጋታ ይገባና ፉሞኒሲን የሚባል መርዝ ይተፋል፤ ትሉ ሲቀንስ እሱም ይቀንሳል። ሌላው የሻጋታ መርዝ፣ አፍላቶክሲን፣ ግን እርጥብ እህል ጎተራ ሲገባም ይባዛል፤ እዚያ የዘሩ ዓይነት አያድንም። ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ደረቅ ጨውና ፍሬ ጨምሩና ናጡት። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው፤ መልሳችሁ አስጡት። ለጎተራ 13 በመቶ ይበቃል።

ዘይነባ፦ እሱን ተቀብያለሁ፣ አያ። ጆንያው ላይ ልውጥ መሆኑን የሚናገር ምልክት ይደረግ እንበል፤ ወፍጮ ቤት ገብቶ ከሌላው ዱቄት ጋር ሲደባለቅስ ማን ይለየዋል? በቆሎ ደግሞ በነፋስ ነው የሚዳቀለው።

ይማም፦ ለዚህኛው መልስ የለኝም።