ትምህርት ቤታችን ልጆቹን መያዝ አቅቶታል፤ አዲስ ቦታ እንዴት ይገኛል?

እናት ከኮንዶሚኒየም (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው አዲስ አበባ ዳር ባለ አንድ ኮንዶሚኒየም ሳይት ነው። ልጆቼ የሚማሩት የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። እኔም የወተመህ (የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ህብረት) አባል ነኝ። ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ለሳይቱ ነዋሪ ብቻ ታስቦ ነበር። ከዚያ ዙሪያው በቤት ሞላ። ከመሃል ከተማ በልማት የተነሱ ቤተሰቦችም መጡ። ልጆቻቸው የትም ሊሄዱ አይችሉም፣ መማር አለባቸው።

አሁን በአንድ ክፍል ከ80 በላይ ልጅ አለ። ለሦስት በተሠራ ዴስክ ላይ አምስት ይቀመጣሉ። ዳር ያለው ልጅ ደብተሩን ጭኑ ላይ አድርጎ ነው የሚጽፈው። መምህሯ በዴስኮቹ መሃል ማለፍ ስለማትችል ኋላ የተቀመጡትን ደብተር አታይም። ምሳም እዚያው ክፍል ውስጥ ይበላል። ሽንት ቤት ወረፋ ላይ እያሉ ደወል ተደውሎባቸው ሳይገቡ የሚመለሱ ትንንሾች አሉ።

ወረዳ ስንሄድ «ቦታ ፈልጋችሁ አምጡ፣ ግንባታው አያሳስባችሁ» ተባልን። ቦታ ከየት ይመጣል? ማንን ነው የምንጠይቀው? አንዳንድ ወላጅ ገንዘብ አዋጥተን ከገበሬ እንግዛ እያለ ነው። የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩን።

የቀድሞ የመሬት አስተዳደር ሠራተኛ

እህቴ፣ የግዢውን ነገር ከወዲሁ እርሱት። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ከገበሬ በተገዛ ቦታ ላይ የተሠራ ትምህርት ቤት ከጨረቃ ቤት አይለይም። ካርታ አይኖረውም፣ በጀት አይመደብለትም፣ አንድ ቀን ዶዘር ይቆምበታል። የወላጁም ገንዘብ ውሃ በላው ማለት ነው።

ለመንግሥት ትምህርት ቤት ቦታ የሚገኘው በምደባ ነው። በ2004 የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 የከተማ መሬት በጨረታ ወይም በምደባ እንደሚሰጥ ይደነግጋል። መንግሥት የሚያስተዳድራቸውን የማኅበራዊ አገልግሎት ተቋማት ያስቀመጠው በምደባው በኩል ነው፤ የሚወስነውም ካቢኔ ነው። ስለዚህ ከማንም ጋር ዋጋ አትወዳደሩም። ቦታውን በስሙ የሚጠይቀውም የትምህርት መዋቅሩ ነው፤ ከወረዳ ወደ ክፍለ ከተማ፣ ከዚያ ትምህርት ቢሮ፣ ከዚያ ወደ መሬት ልማትና አስተዳደር። የእናንተ ሥራ ደብዳቤው እንዲጻፍ መጎትጎትና የት ጠረጴዛ ላይ እንደቆመ መከታተል ነው።

ባዶ ቦታ ፍለጋ ከመዞራችሁ በፊት ፕላኑን ጠይቁ። የኮንዶሚኒየም ሳይት ሲነደፍ ለትምህርት፣ ለጤና፣ ለአረንጓዴ ተብሎ የሚተው ቦታ አለ። ግን ሳይሠራበት ሲቆይ ሌላ ሰው ይገባበታል። መኪና ማቆሚያ ይሆናል፣ ብሎኬት ይመረትበታል፣ አንዱ ቆርቆሮ ይመታበታል። «በፕላኑ ለትምህርት አገልግሎት የተያዘው ቦታ የት ነው?» ብላችሁ ለክፍለ ከተማው በጽሑፍ አቅርቡ። ለትምህርት የተያዘን ቦታ ማስመለስ ለሌላ አገልግሎት የተያዘን ከማስለወጥ በብዙ ይቀላል።

አሁን ያላችሁበት ግቢስ ካርታ አለው? ይህን ሳታረጋግጡ ሌላ ነገር አትጀምሩ። ደብዳቤው ላይ «አሮጌው ግቢ ይለቀቃል» የሚል ቃል እንዳይገባም ተጠንቀቁ። ከተማ ውስጥ የተለቀቀ መሬት ተመልሶ አይገኝም። የምትጠይቁት ተጨማሪ ቦታ ነው።

መምህርት ከኮልፌ

እኔ ደግሞ የምለው፣ ቦታው ከመገኘቱ በፊት የትኞቹ ልጆች እንደሚሄዱ ይወሰን። የሚፈለገው የቦታ ስፋትም ርቀትም የሚታወቀው ከዚያ በኋላ ነው።

ለአንደኛ ደረጃ የተቀመጠው ስታንዳርድ በክፍል 50 ተማሪ ነው። የተማሪውን ቁጥር ለ50 አካፍሉ። ለምሳሌ 2,400 ልጅ ቢኖር 48 ክፍል ያስፈልጋል። አሁን ካላችሁ ክፍል ጋር ያለው ልዩነት ነው ጥያቄያችሁ። ወረዳ ሄዶ «ተጨናንቀናል» ማለት ሌላ፣ «ይህን ያህል ክፍል ይጎድለናል» ማለት ሌላ ነው። ቁጥሩን ከራሳችሁ አታውጡ፤ ትምህርት ቤቱ በየዓመቱ የሚልከውን የተማሪ ስታትስቲክስ ተጠቀሙ። የአፀደ ሕፃናቱንም ቁጥር ጨምሩበት። እነሱ ነገ አንደኛ ክፍል የሚገቡ ናቸው።

በእኔ እምነት መውጣት ያለባቸው 7ኛና 8ኛ ክፍሎች ናቸው። በአዲሱ የትምህርት ፖሊሲ አንደኛ ደረጃ እስከ 6ኛ ነው፣ 7ኛና 8ኛ መካከለኛ ደረጃ ሆነዋል። ስለዚህ አዲሱ ቦታ ራሱን የቻለ መካከለኛ ደረጃ ይሆናል፤ ጥያቄውም ከፖሊሲው ጋር ይሄዳል። ትልልቆቹ ትንሽ ቢርቅም ይራመዳሉ። የ7 ዓመት ልጅ ግን መንገድ መሻገር የለበትም። እባካችሁ ትንንሾቹን ከቤታቸው አታርቁ።

አባት ከየካ

እኛ ጋ መፍትሔው ፈረቃ ነበር። ቦታ እስኪገኝ ለምን አትሞክሩትም?

መምህርት ከኮልፌ

ወንድሜ፣ ለጊዜው ሊሆን ይችላል። ግን ፈረቃ ከተጀመረ በኋላ ጥያቄው ይቀዘቅዛል፤ «ተፈታ» ይባላል። ልጆቹ ግማሽ ቀን ነው የሚማሩት። እናትና አባት ሥራ ከዋሉ ቀሪውን ግማሽ ቀን ማን ይጠብቃቸዋል? ከገባችሁበትም መቼ እንደሚያበቃ በቃለ ጉባኤ ይጻፍ።

ሲቪል መሐንዲስ

ወደ ላይ መሥራትን አስባችኋል? አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በጂ+3 እና በጂ+4 ሕንፃ ነው የተስፋፉት። የቆርቆሮ ወይም አንድ ፎቅ ብቻ የሆኑ ክፍሎች ካሏችሁ እነሱን አፍርሶ ወደ ላይ መሄድ አንድ አማራጭ ነው። ትንንሾቹ ምድር ላይ ይሁኑ፣ ደረጃው ከሁለት አቅጣጫ ይሁን። ሕንፃውን ግን ሜዳው ላይ አትትከሉት። ሜዳ የሌለው ትምህርት ቤት ያሳዝነኛል፤ ልጅ ሮጦ ካልተመለሰ ክፍል ውስጥ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ሽንት ቤቱና ውሃውም ከክፍሉ እኩል ካላደጉ ወረፋው እንዳለ ነው።

ወደ አዲስ ቦታ ከሄዳችሁ አፈሩን እዩ። በምሥራቅና በደቡብ ዳርቻዎች መረሬ ጥቁር አፈር ብዙ ነው። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ ቀላል መሠረት ከጣላችሁበት ግድግዳው ይተረተራል። ከፍተኛ ኤሌክትሪክ የሚያልፍበትን ቦታ በነፃ ቢሰጧችሁም አትቀበሉ።

ወላጅ ከሌላ ሳይት

እኛ ሁለተኛ ግቢ አግኝተናል፤ ስለዚህ ተስፋ አትቁረጡ። የጠቀመንን ልንገርሽ። ማመልከቻውን ወተመህና ርዕሰ መምህሩ አብረው ፈረሙበት፣ የወላጆች ጉባኤ ቃለ ጉባኤ ተያያዘበት። አንድ ኮፒ ለወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ገባ፣ ግልባጭ ለክፍለ ከተማው። መዝገብ ቤት ቁጥር ሳይሰጥሽ እንዳትወጪ። ቁጥር የሌለው ደብዳቤ እንዳልተጻፈ ነው።

ኮሚቴው ጥቂት ሰው ይሁን፤ በሥራ ቀን መውጣት የሚችል ጡረተኛ አባት ካላችሁ እሱን አስገቡት። ኃላፊ ሲቀየር ፋይሉ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል፣ ስለዚህ የሁሉም ደብዳቤ ኮፒ እናንተ ጋ ይኑር። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ነው የሚጀምረው። ጥያቄው በጀት ከተዘጋ በኋላ ከደረሰ ዓመት ሙሉ ይጠብቃል።

ገንዘብ ማዋጣት የፈለጉት ወላጆች ልባቸው መልካም ነው፣ አታሳዝኗቸው። በ«ትምህርት ለትውልድ» ንቅናቄ ኅብረተሰቡ ለትምህርት ቤቶች በገንዘብም በጉልበትም ያግዛል። ለዴስክ፣ ለአጥር፣ ለሽንት ቤት ያዋጡ። በትምህርት ቤቱ የባንክ ሒሳብ፣ በደረሰኝ።

እናት ከኮንዶሚኒየም (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ጋሼ የመሬት አስተዳደሩ፣ እርስዎ እንዳሉት የግቢውን ካርታ ጠየቅን። ርዕሰ መምህሩ ፋይሉ ውስጥ አላገኙትም፤ ክፍለ ከተማ ሊጠይቁ ነው።

በሰፈሩ ደግሞ ሁለት ቦታ አይተናል። አንዱ ወንዝ ዳር ያለ ሰፊ ሜዳ ነው፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ሌላው ኮንዶሚኒየሙን የሠሩት ተቋራጮች ካምፕ የነበረ ግቢ ነው። ጠበብ ይላል፣ ግን አጥር አለው፣ ውሃና መብራት ገብቶለታል። ከሳይታችን ወደ ካምፑ ሲኬድ መካከል ላይ ሲኖትራክ የሚመላለስበት አስፋልት አለ። ብዙው ወላጅ ሜዳውን ነው የወደደው። ምን ትላላችሁ?

ሲቪል መሐንዲስ

ሜዳውን ተዉት። ወንዝ ዳር በፕላን ብዙውን ጊዜ አረንጓዴ ነው፤ ግንባታ ፈቃድ ላይ ያስቸግራችኋል፣ ክረምት ደግሞ ውሃው ይመጣል። ለልጆቹም ለሰፈሩም የኳስ ሜዳነቱ ይበቃል። የካምፑን ግቢ ያዙ። ለመካከለኛ ደረጃ ብቻ ከሆነ ጥበቱ በፎቅ ይካካሳል።

የቀድሞ የመሬት አስተዳደር ሠራተኛ

እስማማለሁ። ካምፑ ለጊዜው የተሰጠ ይዞታ ሊሆን ይችላል፤ ሥራው ካለቀ ወደ መንግሥት መመለስ አለበት። አሁን በማን ስም እንዳለና በፕላኑ ለምን አገልግሎት እንደተያዘ ይጣራ። መልሱ በጽሑፍ ይሁን። ያ ወረቀት ሳይኖራችሁ የቦታውን ወሬ ሰፈር ውስጥ አታስፉት፤ ሌላም ፈላጊ ይኖራል።

መምህርት ከኮልፌ

እህቴ፣ አንድ ቀን ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ከመጨረሻው ብሎክ ተነስታችሁ እስከ ካምፑ በእግር ሂዱ። የ7ኛ ክፍል ልጅ ይዛችሁ፣ ቦርሳውን አሸክማችሁ። አስፋልቱ ጋ ስንት ደቂቃ እንደቆማችሁ መዝግቡ። ዜብራና የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ እንዲሠራ የሚጠይቅ ደብዳቤ ከቦታው ጥያቄ ጋር አብሮ ይግባ። ትምህርት ቤቱ ተከፍቶ ልጅ ከተገጨ በኋላ መሆን የለበትም።

እናት ከኮንዶሚኒየም (ጠያቂ)

ቅዳሜ የወላጆች ስብሰባ አለን። የክፍሉን ስሌትና የካምፑን ጉዳይ አቀርባለሁ፣ ሰኞ ማመልከቻው ይገባል። የመንገዱንም ደብዳቤ አብረን እንጽፋለን። ክፍለ ከተማው የሚሰጠንን መልስ እዚሁ አሳውቃችኋለሁ።